ሁለት ካፊል ያለው ቴሌቪዥን

ሠርጌን ሁለት ጊዜ ያስተላለፈብኝ ራውተር ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። የሌላዋ ሠርግ በሐዘን ይተላለፋል፣ ወይ ሽማግሎች ተጣልተው ይተላለፋል። የእኔ ግን ኾበር፣ አል ዑለያ ውስጥ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አናት ላይ በተቀመጠ ሁለት ቀንድ ባለው ጥቁር ሣጥን ምክንያት ተላለፈ። እኔም ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

እታለም እባላለሁ፤ አገሬ ደብረ ታቦር ነው። በሳሌም ቤት ሁለት ዓመት ልሠራ ተፈራርሜ ገባሁ፣ ሁለቱን ዓመት በ2009 መስከረም ላይ ጨረስኩ፣ ከዚያ በላይ ሰባት ወር ተቀመጥኩ። ሳሌም ካፊሌ ነው። ካፊል ማለት አሠሪም ነው፣ ዋስም ነው። ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ወረቀትሽን ማለቴ ነው፣ የሚያወጣልሽ እሱ ነው፤ ኹሩጅ የሚባለውን የመውጫ ፈቃድም እሱ ካልሰጠ አውሮፕላኑን በሩቅ ማየት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሳሌም ሞኝ አይደለም፣ ክፉም ሰው አይደለም፤ ብቻ እናቱን ይፈራል።

እጮኛዬ መኳንንት ደብረ ታቦር ላይ የብረት በርና መስኮት ይበይዳል። ሠርጋችን ለጥር ተባለ፣ ቀረ። ጾም ሳይገባ በየካቲት መጀመሪያ ይሁን ተባለ፣ እሱም ቀረ። ሦስተኛው ቀን የተቆረጠው ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነበር። አባቱ አቶ ወልደአማኑኤል በኢሞ ደወሉልኝና፣ «ልጄ፣ ሐሳብሽን ቀይረሽ ከሆነ በግልጽ ንገሪን፤ አንቀየምሽም። ግን ቴሌቪዥን ያዘኝ አትበይን፤ እኛም ሰው ነን» አሉኝ። እውነቴን ነው ብዬ ማልኩላቸው። «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለው ዘጉት።

አሁን ማማ ዘንድ ልምጣ። ማማ የምንላት የሳሌምን እናት ነው። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ አይታዘዝላትም፣ አፏ ግን እንደ ልቧ ነው። ዐረብኛ አንቱ ስለሌለው እሷን በአንቺ መጥራት መጀመሪያ ላይ አሳፍሮኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። የምራቷ የማዳም ጫጫታ ሰለቸኝ ብላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ወጣች፤ ከወጣች በኋላ መውረድ አቃታት። ለሊፍት የተተወ ጉድጓድ አለ። ሊፍቱ በሚመጣው ዓመት ይገባል ከተባለ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ አሮጌ ምንጣፍ ይቀመጥበታል። አርብ አርብ ቤተሰቡ መኪና ሞልቶ ወደ ኒስፍ አልቀመር ባሕር ሲሄድ እኔና ማማ ቤት እንጠብቃለን።

እታለም ማለት አልሆነላትም፤ አሳጠረችውና «አለም» አለችኝ። በዐረብኛ አለም ማለት ሕመም ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አንዲት አሮጊት ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና ሰፈር እስኪሰማ «ያ አለም፣ ያ አለም»፣ አንተ ሕመም እንደማለት፣ ስትል። በመጀመሪያው ሳምንት ማዳም የሕመም ማስታገሻና የደም ግፊት መለኪያ ይዛ ሁለት ጊዜ ሮጠች። ጎረቤቱ አንድ ቀን በሩን አንኳኩቶ እናታችሁን ሐኪም ቤት ብትወስዷት ምናለ አለ። ሳሌም ስምሽን ኑራ እንበለው አለኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ለጎረቤት ጆሮ ብዬ አልቀይርም አልኩት። እየዋለ እያደረ ሁሉም ለመደው፤ ማማ ስትጮህ እኔን እየጠራች እንደሆነ አወቁ፣ ማንም ቀና አይልም። አንድ ቀን እውነት ቢያማት ማን ሊደርስላት እንደነበር እንጃ።

ማማ የምትወደው የቱርክ ተከታታይ ድራማ አለ፤ ከዐስር ሶላት፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ማለቴ ነው፣ በኋላ በኢንተርኔት ቴሌቪዥን ይመጣል። ኢንተርኔቱን የሚያድለው ዋናው ራውተር ታች ሳሎን ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ጉልበቱ ይዝላል። ስለዚህ ሳሌም ራካ የሚባል ሰፈር ከነበረው ከድሮ ቤታቸው አሮጌውን ራውተር አምጥቶ ከታችኛው ጋር በሽቦ አገናኘውና ማማ ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንዲሉ ነው። እኛ አገር ተረቱ ይሠራል። እዚያ ቤት ግን ሁለተኛው ባላ ከተተከለ ጀምሮ ነው ቤቱ የተናጋው።

ምስሉ መቆረጥ ጀመረ። የድራማው ልጅ አባቷን ልታውቅ ነው፣ አፏን ትከፍታለች፣ እንደከፈተች ትደርቃለች፣ ከዚያ ሁሉም ጥቁር ይሆናል። ማማ «ያ አለም» ትላለች። እኔ ወጥ ቤት እጄን ታጥቤ፣ አርባ ሁለት ደረጃ ወጥቼ፣ በሩን ስከፍት ምስሉ ይመለሳል። ማማ በተከፈተው በር ታየኛለች፣ ቴሌቪዥኑን ታያለች፣ እንደገና እኔን ታየኛለች። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ልጅቷ አባቷን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀባት።

ቤተሰቡ መድኃኒት ያላለው ነገር አልቀረም። ማዳም አቧራ ነው አለች፤ ራውተሩን በቀን ሁለቴ ወለወልኩት። ሳሌም ማይክሮዌቭ ነው አለ፤ ከዐስር በኋላ ምግብ ማሞቅ ተከለከለ። አጎቱ መጥቶ ቀንዶቹን በምግብ መጠቅለያ ፎይል ጠቅልሏቸው አለ፤ ጠቀለልኳቸው፣ ሣጥኑ የታረደ በግ መሰለ፣ ምስሉ ግን እንደዚያው ነው። ከኢንተርኔት ድርጅቱ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ መጣ። እኔ ነኝ ወደ ላይ የማደርሰው፤ እኔ ስደርስ ደግሞ ይሠራል። ሦስት ጊዜም «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም፣ ብሎ ፈርሞ ሄደ።

ያኔ ማማ ነገሩን ፈታችው። «ይህቺ ልጅ በረካ አላት» አለች፤ በረከት ማለቷ ነው።

ሳሌም የተማረ ሰው ነው፤ ልፈትነው አለ። በሚቀጥለው ቀን ምስሉ ሲጠፋ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ እሱ ወጣ። ጥቁር ነው። ትንሽ ቆመ፣ ጥቁር ነው። ተናድዶ ሲመለስ ደረጃው ላይ አለፈኝ፤ እኔ ገባሁ፣ ምስሉ መጣ። ሁለተኛ ቀን ማዳምን ላካት። ማዳም ስልክ እያወራች ገና ሁለተኛ ፎቅ ሳትደርስ ማማ ትዕግሥቷ አልቆ እኔን ጠራች፤ ወጣሁ፣ ምስሉ መጣ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም ተባለ። ለካ ነገሩ ሌላ ነው፤ የእኔ ርምጃና የምስሉ መመለሻ እኩል ነው። ግን ያን ጊዜ እኔስ በምን አውቄ። እንዲያውም፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው በሰው አገር በረካ አለሽ ሲባል ይሞቀዋል።

ሙቀቱ ወዲያው በረደ። ውሌ አልቋልና ኹሩጅ ስጠኝ ስለው ሳሌም ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ። «ማማን አስፈቅጂ።» ወጣሁ። ማማ፣ «አንቺ ከሄድሽ ቴሌቪዥኑን ማን ይመልሰዋል?» አለችኝ። ወረድኩ። ሳሌም፣ «እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ይዳን» አለ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ፤ እኔን ደግሞ በምርቃት አሰሩኝ። ጥር እንዲህ አለፈ፣ የካቲትም እንዲህ አለፈ።

መጋቢት ላይ ማዳም የተሰበረ ስልኳን ልታሠራ ደማም ስትሄድ ዕቃ ልትሸከም ብላ አስከተለችኝ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሙሉ ራውተር ተደርድሯል። ሳያቸው ደሜ ፈላ። «ይህን ነገር የሠራው ሰው እጁ ይሰበር» አልኩ በአማርኛ፣ ለራሴ። ከባንኮኒው ኋላ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ጢሙን ያሳመረ፣ የአገሩ ሰው የሚመስል ጎልማሳ ቀና ብሎ፣ «አፈር ስሆን እህቴ፣ እጁስ አይሰበር፤ ልጆች ይኖሩታል» አለኝ።

ደነገጥኩ። ታሚም ይባላል። እናቱ ዘይቡ ከኮምቦልቻ የመጡት ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሱ ደማም ተወልዶ ደማም ነው ያደገው፣ ኢትዮጵያን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። አማርኛውን የተማረው ከእናቱ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ጢም ይዞ እንደ ወሎ ባልቴት ነው የሚያወራው። «እቴ»፣ «ወየው ለኔ»፣ «የኔ ዓለም» ይላል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ችግሬን ከሀ እስከ ፐ ነገርኩት። ለማዳም ዞሮ በዐረብኛ አስረዳትና በነጋታው ከሳሌም ጋር ቤት መጣ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማማ ተሸፋፍና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ታሚም ኮምፒውተሩን ከፍቶ ራውተሩ ላይ ሰካና ብዙም ሳይቆይ አንገቱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ አንቺ ስንት ካፊል አለሽ?»

«አንድ። እሱም በዝቶብኛል።»

«ይሄ ቴሌቪዥን ሁለት አለው።»

ሳሌም አማርኛ አይሰማም፤ ካፊል የምትለዋን ቃል ግን ሰምቶ ቀና አለ። ታሚም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «እቴ፣ ኔት ላይ የገባ ዕቃ ሁሉ ኢቃማ ይዞ ነው የሚኖር፤ ቁጥር ማለቴ ነው። ቁጥሩን የሚሰጥ ራውተሩ ነው። የታችኛው የዚህ ቤት ካፊል ነው። ይሄኛው ደሞ ራካ ሳለ የዚያ ቤት ካፊል ነበረ። ቤቱን ለቆ መጣ እንጂ ሹመቱን የነሳው የለም፤ ዛሬም ካፊል ነኝ ይላል። ሁለቱ የሚጠሩበት ቁጥር እንኳ አንድ ነው። ቴሌቪዥኑ አንዱ ዘንድ ሲመዘገብ ሌላው ያለኔ ፈቃድ ምን ትሠራለህ ይለዋል። ኸላስ፣ አበቃ፣ ሁሩብ መቱበት።»

ሁሩብ ማለት ሠራተኛው ከካፊሉ ጠፍቷል ተብሎ መመዝገብ ነው። ሁሩብ የተመታበት ሰው ሥራም፣ ሕክምናም፣ መንገድም የለውም። ቴሌቪዥኑም እንደዚያው ሆኖ ምስል የሚሰጠው አያገኝም።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያ እንደገና ለምኖ ይመዘገባል፣ ምስሉም ይመለሳል።»

«ስንት ይፈጅበታል?»

«ምን ይፈጃል፣ እንዲያው አንድ ደቂቃ ገደማ።»

አንድ ደቂቃ ማለት እጅ ታጥቦ አርባ ሁለት ደረጃ መውጣት ነው። በረካዬ እዚያው ላይ አለቀ። ተናደድኩ ልበል፣ አፈርኩ ልበል፣ አላውቅም። ለዕቃ አዝኜ የማላውቀው እኔ ግን ያን ቀን ለቴሌቪዥን አዘንኩ። እኔስ ምኔ ተሻለ። ወጥ ቤት ውስጥ ማዳም ጨው ጨምሪ ትላለች፣ ማማ ከላይ ጨው ቀንሺ ብላ ትልካለች፤ ቆሜ ማንኪያውን እንደያዝኩ እደርቃለሁ።

ታሚም ከቦርሳው የክብሪት ቤት የምታህል ነጭ ሣጥን አወጣ። ጥቁሩን ራውተር ነቅሎ ሦስቱን ሽቦዎች እሷ ላይ ሰካቸው። «ይህቺ ካፊል አይደለችም። በር ናት፤ የመጣውን ታሳልፋለች እንጂ ኢቃማ አትሰጥም፣ ማንንም የኔ ነው አትልም» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ ብዬ አሰብኩ። ሳሌም ጥቁሩን ራውተር ደህና ዕቃ ነው፣ አይጣልም ብሎ የማማ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ታሚም ሲወጣ ደረጃው ላይ «አብሽሪ» አለኝ። ወሎዬዎች አይዞሽ ለማለት አብሽሪ ይላሉ፤ ካፊሎች ደግሞ የሠራተኛ ወረቀት የሚጨርሱበት የስልክ ገጽ ስሙ አብሽር ነው። እኔ ኹሩጅሽ ወጣ ያለኝ መስሎኝ ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ገብቶት፣ «ወየው ለኔ፣ አይዞሽ ማለቴ እኮ ነው» አለ።

ዘጠኝ ቀን ቆጠርኩ። ዘጠኝ ቀን ምስሉ አንድ ጊዜ አልተቆረጠም። ልጅቷ አባቷን አወቀች፣ ይቅር አለችው፣ እንደገና ተጣሉ። እኔን የሚጠራኝ የለም። በዐሥረኛው ቀን ፀጉሬን አስሬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ሳሌም ፊት ቆምኩ። ቴሌቪዥኑ ድኗልና ኹሩጄን አልኩ። ወደ ላይ ወጣ፣ ቆየ፣ ወረደ። የፊቱ መልክ አላማረኝም።

«ማማ እንዲህ አለች» አለኝ፤ አይስቅም፣ አያፍርም። «የማይቆረጠው አለም ቤት ውስጥ ስላለች ነው። ከሄደች ይቆረጣል።»

እሳት ለበስኩ። ቢቆረጥ እኔ ልመልሰው፤ ባይቆረጥ እኔ ስላለሁ ነው። በየት በኩል ልውጣ? ሳሌምን፣ «አንተ ታምናለህ?» አልኩት። «እኔ አላምንም» አለ። «ታዲያ?» «እናቴ ናት» አለ። እኔም እናት አለችኝ።

ያን ዕለት መኳንንት ደወለ። ዳሱን የሚጥሉት ልጆች ተነግሯቸዋል፣ እናቱ ለጠላው ጌሾ ወቅጣለች። «እታለም» አለኝ፣ «እኔ ዐሥር ዓመትም እጠብቅሻለሁ። አባቴ ግን ሽማግሎቹ ፊት ሦስተኛ ጊዜ አይቆምም። በዚህ ከቀረ ሌላ ሊያጭልኝ ነው፤ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ የአባቴን ቃል ረግጬ አላውቅም።» አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሃያ ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ለቅሶው ሲያልቅ ማሰብ ጀመርኩ። ቴሌቪዥኑን ማዳን አልጠቀመኝም። ማማን የሚያሳምናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ታሞ፣ እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ሲያድነው ማየት። ሌላ ሰው ደግሞ ከራሷ ከማማ የበለጠ ከየት ይመጣል። ያሰብኩት ኀጢአት ነው። ለነፍስ አባቴ በኢሞ ነገርኳቸው፤ ራውተር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ እሱ ራሱ ንስሐ ነው። «ማንን ትጎጃለሽ?» አሉኝ። «ማንንም፤ ድራማ ብቻ ይቆረጣል» አልኩ። ዝም አሉ፤ እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

በማግስቱ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ማማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጋደም አለች። መሳቢያውን በቀስታ ሳብኩ። ነጯን ሣጥን ነቅዬ በኪሴ ከተትኩ፣ ጥቁሩን አውጥቼ ሦስቱን ሽቦዎች ድሮ እንደነበሩት መለስኳቸው። ሰው ኢንጂነር ለመሆን ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ እኔ ተቸግሬ ሆንኩ።

ዐስር ሲደርስ ሻይዋን ይዤላት ወጣሁና፣ «ማማ፣ ጉልበቴን አሞኛል። ዛሬ ከተቆረጠ እኔን ከመጥራትሽ በፊት መቁጠሪያሽን አንድ ዙር ቁጠሪበት» አልኳት።

«ለምን?»

«እኔ ምስኪን ክርስቲያን ነኝ፤ አንቺ ሁለት ጊዜ ሐጅ አድርገሻል። በረካ ካለ ካንቺ ነው የሚነሣው።»

ማማ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሻይዋን አንድ ጊዜ ፉት አለች። «እስቲ እንሞክራለን» አለች።

ወርጄ ሃያኛው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ድራማው ጀመረ፤ ልጅቷ እየጮኸች ነው። ድንገት ድምፁ ጠፋ። የማማ መቁጠሪያ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። እመብርሃን ድረሺ አልኩ። እሷ በራሷ ቋንቋ ትለምናለች፣ እኔ በራሴ፤ ሁለታችንም ለአንድ ሣጥን። ቀጭ ቀጩ ሊያልቅ ሲል ልጅቷ እንደገና መጮህ ጀመረች። በሰው ጩኸት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማማ አልጠራችኝም። በሁለተኛው ቀንም፣ በሦስተኛውም አልጠራችኝም። በአምስተኛው ቀን ሳሌምን አስጠራችው። አጠገቧ አስቀመጠችው፤ እኔ በር ላይ ልቆም ስል፣ «አንቺ ታች ውረጂ፣ እሷ ናት የመለሰችው እንዳይባል» አለችኝ። ወረድኩ፣ ያው ሃያኛው ላይ። ምስሉ ሲጠፋ ሰማሁ፣ ሲመለስም ሰማሁ።

«ምናልባት አጋጣሚ ይሆናል» አለ ሳሌም።

«እናትህን ነው የምትጠራጠረው?»

የሳሌም ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። «እኔ ራሴ እችለዋለሁ» አለች ማማ። «ልጅቷን ልቀቃት። ኸላስ።»

ሳሌም እዚያው ወንበሩ ላይ ስልኩን አውጥቶ ጣቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳያሳርፍ አልቀረም። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፤ ኹሩጄ ወጥቷል። ሰባት ወር የለመንኩት ነገር አንድ ኩባያ ሻይ እስኪጠጣ እንኳ አልፈጀም። ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅኩ፤ ሳቁ ግን አልጣፈጠኝም።

የምሄድበት ቀን ከዐስር በኋላ ሻንጣዬ መኪና ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ዓብዱ ወደ ደማም አየር ማረፊያ ሊወስደኝ ሞተሩን አስነሥቷል። ማማን ልሰናበት ወጣሁ። ግንባሯን ሳምኳት። እጄን ያዘችኝ፣ አልለቀቀችኝም።

«ያን ቀን የተኛሁ መስሎሻል» አለችኝ።

ዓይኔ መሳቢያው ላይ ዐረፈ።

«መሳቢያው ይንቋቋል፤ ሠላሳ ዓመት የያዝኩት መሳቢያ ነው። ድምፁን አላውቀውም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ ለምን ዋሸሽ?»

«ልሂድ ብዬ ነዋ።»

«እኔም ቅሪ ብዬ ነበር የዋሸሁት» አለች። «ምስሉ ብቻውን እንደሚመለስ ካንቺ በፊት አውቃለሁ። ሳልጠራሽ የቀረሁባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ሲጠፋ ግን ስጠራሽ ትመጫለሽ። ልጄም በዓመት ሁለቴ ለዒድ ነበር እዚህ የሚወጣው። ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ በየቀኑ ወጣ።»

ልቆጣ ፈለግሁ። ተቆጣሁም። «ማማ፣ ሠርጌን ሁለት ጊዜ አፈረስሽብኝ። ሰው ሊያጣኝ ነበር፤ እኔም ሰው ላጣ ነበር» አልኳት። በሌላ በኩል ደግሞ ታሳዝነኛለች፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አቃተኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ለዚህ ነው ለልጄ የዋሸሁልሽ። በዚህ ዕድሜዬ መቁጠሪያ ይዤ በሐሰት ምዬ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ አንቺም ይቅር በይኝ።»

ይቅር ብያለሁ በማለት ፈንታ በሌላው እጄ ሻሿን አስተካከልኩላት።

ማማ እጄን ለቀቀች። አገጯን ወደ መደርደሪያው አቀናች። «በይ አሁን ያቺን ነጭ ሣጥን መልሺልኝና ሂጂ» አለች። «አንዴ ከተቆረጠ ብቻዬን ነው የምጠብቀው።»

ነጯ ሣጥን ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ሰርቄ ልሄድ አልነበረም፣ ረስቻት ነው። ጥቁሩን ነቀልኩ፣ ሦስቱን ሽቦዎች አንድ በአንድ ሰካኋቸው፣ እስኪጠብቁ ጫንኳቸው። ምስሉ መጣ። ሁለታችንም ቆመን ሳይሆን እሷ ተቀምጣ እኔ ቆሜ ትንሽ አየነው፤ ልጅቷ ቡና ቤት ተቀምጣ ደብዳቤ ታነባለች። አልተቆረጠም።

«ሹፌሩ ይጠብቅሻል» አለች፤ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም።

በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ጆሮዬ ወደ ላይ ነበር። ቀስ ብዬ ወረድኩ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይም ቆም አልኩ። አልጠራችኝም።